ሁለት ቤት ያመጣው አንድ ፎቶ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 19

ይህን ደብተር የገዛሁት ለስም ዝርዝር ነበር። ግን ዛሬ የሠራሁትን ለማንም መናገር ስለማልችል እዚሁ ልጻፈው።

ጥምቀት ነበር፤ እኛ የአውስትራሊያ መቄዶንያውያን ወደቡ ላይ ነው የምናከብረው። ቄሱ መስቀሉን ከወደቡ ጫፍ ሲወረውሩት ነፋስ ጠለፈውና ከታሰበው ርቆ ወደቀ። አሥራ አንድ ወንዶች ሊያወጡት ተከታትለው ዘለሉ። ይዞት የወጣው ኦግነን ነው፤ ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ውሃው ከላዩ እየተንጠባጠበ መስቀሉን ለሰው ሁሉ ሲያሳልም እኔ ጋ ደረሰና ቀሚሴን አበሰበሰው።

«ይቅርታ፤ እኔ ሳልሆን ባሕሩ ነው» አለኝ።

በባሕር የሚያሳብብ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ሆነ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ ቪዳን የወጣቶቹን ክፍል ለካርታ ተጫዋቾች ለመስጠት እንደታሰበ ተናገሩ። «ሰዎቹ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ፎቅ መውጣት አቅቷቸዋል። እናንተ ደግሞ እዚያ የምትገቡት ስልካችሁን ቻርጅ ለማድረግ ነው።» ሰው ሳቀ። የወጣቶቹ ሰብሳቢ እኔ ነኝ፤ የመረጡኝም በምርጫው ቀን ስላልነበርኩ ነው። ሳላስበው ብድግ አልኩ። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው በይቅርታ እሑድ የፎቶ ዐውደ ርእይ እናደርጋለን፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን አንድ ፎቶ ያመጣል፤ አዳራሹን መቶ ሃምሳ ሰው እንሞላዋለን አልኩ። መቶ ሃምሳ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ከሞላችሁት ክፍሉ የእናንተ ነው» አሉ ጋሽ ቪዳን፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ።

ለምን ዕንባ? ጓደኛዬ ዳፊና በኋላ ነገረችኝ። በመቄዶንያ ቋንቋ «እንሞላዋለን» ብዬ የተናገርኩት ቃል በሥጋና በሩዝ ለሚሞላ ቃሪያ የሚባለው ነው። በሕዝብ ፊት «መቶ ሃምሳ ሥጋና ሩዝ የተሞሉ ሰዎች እናቀርባለን» ብያለሁ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22

የምሠራበት መድኃኒት ቤት ሰው በዝቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ደረቴ ላይ ያለውን ስም አነበቡ። «ካሊና። ከሩሲያ ነሽ?» አይደለሁም አልኩ። «ፖላንድ?» አይደለም። «አትንገሪኝ፣ አትንገሪኝ» ብለው ሄዱ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ረስተው ተመለሱና «ቡልጋሪያ!» አሉ። ነገ እሞክራለሁ ብለዋል።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

አሥራ ዘጠኝ ፎቶ መጣ! ልጆቹ ያመጡትን ሲያወሩ መስማት ነው ደስታው። አንዱ ልጅ የአያቱ ስም ዕድሜውን ሙሉ ስቲቭ ይመስለው ነበር። ለካ ስሙን ያወጣላቸው ይሠሩበት የነበረው የብረት ፋብሪካ አለቃ ነው፤ ከፎቶው ጀርባ በእጃቸው «ስቶይኮ» ብለው ጽፈዋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ «ስቶይኮ፣ ስቶይኮ» እያለ ዋለ። ልጅ የተወለደለት ነው የሚመስለው።

የእኛን አያቴ ናውም ሰጡኝ። በ1938 የተነሳ ነው፤ ብሬስቲጻ መንደር፣ የወላጆቻቸው ሠርግ። በረዶ፣ ሙሽራዋ ትሬና፣ ሙሽራው ስፓሴ፣ ከጎኑ ሻማ የያዘ ባለ ትልቅ ሪዝ ሰውዬ።

«ይሄ ማነው?» ብላቸው፣

«ማንም አይደለም» አሉ። ሰማኒያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሲዋሹ ግን እንደ ልጅ ጆሯቸው ይቀላል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

ኦግነን ወደ አዳራሹ መጣ። ፖስታ ሰጠኝ። ከፈትኩት። ያው ፎቶ! ያው በረዶ፣ ያቺው ትሬና፣ ያው ሪዝ።

«ይሄ የእኛ ነው» አልኩ።

«የእኛ ነው እንጂ! ሻማ የያዘው ቅድመ አያቴ ኩዝማን ነው። የሠርጉ አበልጅ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አያቴና የኦግነን አያት ሪስቶ ሃምሳ ዓመት የተኳረፉት በዚህ ነው። በእኛ ልማድ በሠርግ ሻማ ይዞ ሙሽሮቹን ያቆመ ቤት፣ ማለትም አበልጁ፣ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳል፤ ልጅ ልጁም የልጅ ልጃቸውን፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አባቴ ሲወለድ ሪስቶ ልብሱን አስተኩሶ ለክርስትናው መጠራቱን ጠበቀ። አያቴ ግን ከፋብሪካ ጓደኞቻቸው አንዱን ሰርቢያዊ ጠሩ። «የወላጆቼ አበልጅ ግሊጎር የሚባል ሰው ነበር፤ እናቴ ነግራኛለች፤ እሱ ወደ አርጀንቲና ሄዶ ጠፋ። ኩዝማን አበልጃችን ሆኖ አያውቅም» አሉ። ሪስቶ ደግሞ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ለመጣ ሁሉ ያሳይ ነበር። የብሬስቲጻ ሰው እዚህ ከተማ ወደ ሰማኒያ ይሆናል፤ ግማሹ በናውም፣ ግማሹ በሪስቶ ወገን ቆሞ ቀረ። አንዱ ወገን በደገሰው ሌላው አይመጣም።

ሪስቶ ከአራት ዓመት በፊት ሲሞት አያቴ ቀብር አልሄዱም። ያን ቀን ሣሩን አጨዱ። ጨርሰው እንደገና አጨዱት።

እና አሁን ይህን ፎቶ በማን ስም ልስቀለው? በአንዱ ስም ከሰቀልኩት አርባ ሰው ይቀራል። መቶ ሃምሳ አይሞላም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

አያቴን ለመንኳቸው። «አባባ፣ አበልጅ ነን ይበሉና ይለቅ። ሪስቶ ሞቷል። ምን ይጎድልብዎታል?»

«እናቴን ውሸታም ላድርጋት?»

«ለአንድ ምሽት ብቻ!»

«ሂጂ፣ አዳራሽሽን ሙይ» አሉኝ፤ የቃሪያውን ቃል ነው የተጠቀሙት። ለካ ወሬው ደርሷቸዋል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

እንደገና ለመንኳቸው። እንደገና እምቢ። አልተውም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

የቃሪያ ቀን! ጋራዡ ውስጥ ለዓመቱ ማባያ የሚሆን አሥራ ሁለት ኬሻ ቀይ ቃሪያ ጠበስን። ስድስት ሆነን፣ እናቴ አዛዥ፣ አያቴ ከእሳቱ አጠገብ። እጄ እስከ ክርኔ ቀይ ነው። ልጆቹ ስልካቸውን ቃሪያው መሐል አቁመው የአያቴን ወሬ ቀዱ፤ የመንደራቸው ሐይቅ ሲረጋ እንዴት ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር፣ ወደዚህ ባመጣቸው መርከብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዝ ሲሰጣቸው ከነልጣጩ እንደበሉት። ሳቅን፣ አሳቁን፤ አውስትራሊያዊው ጎረቤታችን የሚቃጠል ነገር ያለ መስሎት መጥቶ ሁለት ጠርሙስ ማባያ ይዞ ሄደ።

ዳፊና ቃሪያ እየላጠች ስለ አክስቷ አወራችን። አክስቷ የምትወደውን ልጅ አላገባችም፤ ቤቶቹ አበልጅ ነበሩ። «የክርስትና ዘመድ ከሥጋ ዘመድ ይብሳል፤ ቄስም አያጋባም፣ ሽማግሌም አይቀበልም። ሳይነካኩ ነው የሚኖሩት» አለች። ከዚያ ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «የአንቺና የኦግነን ቤትማ በደህና ጊዜ ነው የተጣላው። አያትሽ አበልጅነቱን ቢቀበሉ ኖሮ አልቆልሽ ነበር!»

«ምኑ ነው የሚያልቅልኝ?» አልኳት።

ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም። ቃሪያ ዓይኔ ውስጥ ገባና ወደ ውጭ ወጣሁ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ሳስበው አያቴን መለመኔ ልክ አልነበረም። ለሰው ብዛት ሲባል ታሪክ አይጣመምም። ዐውደ ርእይ ማለት እውነት ማለት ነው። ኩዝማን አበልጅ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው መጣራት አለበት። ይህን የምለው ለሥራው ጥራት ብቻ ነው።

ለኦግነን መልእክት ላክሁለት። ወዲያው መለሰ። እሱም ለሥራው ጥራት ብሎ የብሬስቲጻን ቄስ በኢሜይል ሊጠይቅ ነው፤ የ1938 የጋብቻ መዝገብ ካለ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ከሥራ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁለቱን ፎቶ በትልቁ ስካን አደረግን። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ኦግነን «ቤት ሙሉ ሽቦ ልዘረጋ እችላለሁ፤ አያቴ ሪስቶ ለሴት አያቴ የጻፈላትን ደብዳቤ ግን ማንበብ አልችልም። ያናድዳል» አለ። የመቄዶንያን ፊደል ማስተማር ጀመርኩ፤ እኔም የማውቀው እንደ አምስት ዓመት ልጅ ነው። የራሱን ስም ሲጽፍ አንዱን ፊደል ገለበጠው። አላረምኩትም፤ ያምር ነበር።

ስንወጣ መንገዱ ሁሉ አበባ የያዘ ሰው ነው። የፍቅረኞች ቀን መሆኑን ሁለታችንም አላወቅንም። እሱ እንዳላወቀ ሆነ፤ እኔም እንዳላወቅሁ ሆንኩ።

ፎቶው ላይ ምንም አዲስ ነገር አላገኘንም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

የብሬስቲጻው ቄስ መለሱ። መዝገቡ አለ፤ ከ1936 እስከ 1940 ያለውን ግን አይጥ በልቶታል። «አይጦቹ ሌሎቹን ዓመታት አልነኩም» ብለዋል።

ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ለአንዲት ሴትዮ የሳል መድኃኒት በሆድ ድርቀት መድኃኒት ልለውጥባት ነበር።

አገሬን የሚገምቱት ሽማግሌ ዛሬ «አልባኒያ» አሉ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

የጭፈራ ልምምድ። አሥራ አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘን ክብ ሠራን፤ መሪዋ ዳፊና ናት። ወንዶቹ ግራ እግራቸው የት እንዳለ ያወቁት ዛሬ ነው። ኦግነን ከጎኔ ነበር። በተራ ነው የቆምነው፤ ማንም አላዘጋጀውም።

የኦግነን አያት እማማ ፋንያ ከነጥቁር ልብሳቸው መጥተው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ወንበር ሳነሳ ለአንዷ ሲሉ ሰማኋቸው፤ «የናውም ልጅ ልጅ እግሯስ ጥሩ ነው። የሚሰናከለው አፏ ነው።» ቀና ስል እኔንም ኦግነንንም እያፈራረቁ ያዩናል። ሰው እንዲህ ሲመለከት ያየሁት ገበያ ላይ ሐብሐብ ሲመርጥ ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26

ወይኔ።

አያቴ ራት ላይ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ካሊና፣ አስቤበታለሁ። ልክ ነበርሽ። ሰውዬውን እንኳ አልቀበርኩትም። በይቅርታ እሑድ ሰው ሁሉ ፊት ሪስቶ እውነቱን ነበር፣ አበልጆች ነን እላለሁ። እናቴም ትረዳኛለች።»

እናቴ አለቀሰች። አባቴ ተነስቶ ትከሻቸውን ሳማቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ደስ አላለሽም?» አሉኝ አያቴ።

«በጣም» አልኩ። ሰላጣ ውስጥ ስኳር ጨምሬ ነበር።

ደጋግሜ የለመንኩት እኔ ነኝ። እኔ! አሁን «አባባ፣ ተዉት» ብል ምን ብዬ? ለሥራው ጥራት?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ለኦግነን ነገርኩት። በስልኩ መሰርሰሪያውን ሲያጠፋ ሰማሁ። ከዚያ «ጥሩ ነው። ሰማኒያው ሰው ይመጣል ማለት ነው» አለ። እኔም «አዎ፣ ክፍሉ ተረፈ» አልኩ። ደህና ሁን፣ ደህና ሁኚ።

ክፍሉ ተረፈ።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ሃምሳ ሦስት ፎቶ ተሰቀለ። ገመድ አነሰ፤ ተገዛ። መግለጫ የጎደለው አንድ ብቻ፣ የሠርጉ ፎቶ። ባዶ ወረቀት ለጠፍኩበት። ዳፊና ጫማዋ ተሰበረ። ጋሽ ቪዳን ወንበር ቆጥረው ሄዱ፤ መቶ አርባ ስምንት። ራሴን ያመኛል። ኦግነን መብራቱን ሲያስተካክል ሙሉ ቀን መሰላል ላይ ነበር፤ አላየሁትም። አራት ጊዜ ብቻ።

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። አመመኝ አልኩ። አላመመኝም። ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ትናንት ገና አሥር ሰዓት ሳይሆን አዳራሹ ሞላ። ሰዉ ከፎቶ ፎቶ እየዞረ ይጯጯሃል። «ይቺ እናቴ ናት!» «ያንተ አጎት አይደለም እንዴ፣ አህያውን የሸጠልን?» ስቶይኮ ራሳቸው በልጅ ልጃቸው ተይዘው መጡ፤ ልጁ ለሁሉም በሙሉ ስማቸው ያስተዋውቃቸዋል፤ እሳቸው እንደ ሙሽራ አፍረዋል። ትንንሾቹ የትልልቆቹን ጉልበት እየሳሙ «ይቅር በሉኝ» ይላሉ፤ «ይቅር ይበላችሁ» ይባላሉ፤ ከረሜላ ይወስዳሉ፤ ተመልሰው ሌላ ኃጢአት ፈልገው ይመጣሉ።

አያቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በሠርጉ ፎቶ ፊት ቆሙ። እማማ ፋንያ ከወዲያ በኩል መጡ። ካርታ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ካርታቸውን አስቀመጡ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ተነጋግረው አያውቁም።

አያቴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ፋንያ፣ ይቅር በይኝ። ባልሽን ሳልቀብረው ቀረሁ።»

«ይቅር ይበልህ፣ ናውም። አንተም ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ይበልሽ። አሁን ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው ይስማ። ሪስቶ እውነቱን ነበር። ይኸው ኩዝማን፣ ይኸው ሻማው። አበልጆች ነን!»

ሰዉ አጨበጨበ። አንዳንዱ አለቀሰ። ኦግነን ከመሰላሉ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እኔ ፈገግ ብዬ ነበር፤ ጉንጬን እስኪያመኝ።

እማማ ፋንያ ግን እጃቸውን አነሱ።

«አይደለንም» አሉ።

«ምን?» አሉ አያቴ።

«አበልጅ አይደለንም። እናትህ ልክ ነበረች። የዚያን ቀን በረዶ ወርዶ ግሊጎር መንገድ ተዘጋበት። ፎቶ አንሺው ሳይመሽ ልሂድ ብሎ ይነጫነጫል። ኩዝማን ሻማውን ለፎቶው ብቻ ያዘ። ግሊጎር ደርሶ ጸሎቱ ሲደረግ ፎቶ አንሺው ኮረብታውን አልፏል። አማቴ ናት የነገረችኝ፣ ልንሳፈር ስንል።»

«እና ለሪስቶ አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት እንጂ! ‹ፎቶ አይዋሽም› አለኝ። አባቱን ይወድ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን አንድ አባቱን እንዴት ላውርድበት? ዝም አልኩ። እሱን ስቀብርም ዝም አልኩ። ለሞተ ሰው ዝም ማለት ቀላል ነው። አሁን ግን የቆሙ ልጆች አሉ።»

የቆሙት ልጆች እነማን እንደሆኑ ለማየት መቶ ስድሳ ሰው ዞረ።

አያቴ ግን አልዞሩም። ያን ሁሉ ዓመት የተከራከሩለትን ነገር እጃቸው ላይ ሲያስቀምጡላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ የረቱ ሰው አይመስሉም። «ይሁን ፋንያ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ግሊጎር ሲዘገይ ከአባቴ ጎን የቆመው ኩዝማን ነው። በብርድ የቆመ ሰው አበልጅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አበልጅ ነን፤ አልኩ!»

«አይደለንም አልኩህ!»

«ነን!»

«ናውም! ሃምሳ ዓመት አይደለንም ብለህ አስኮረፍከን፤ አሁን አይደለንም ስትባል ነን ትላለህ? ምን ያለኸው በቅሎ ነህ?»

«እኔ በይቅርታ ቀን ልቤን ሰጥቼ...»

እዚህ ላይ አንድ ሰው ጮኸ። በጣም ከፍ ባለ ድምፅ፣ በመቄዶንያ ቋንቋ፣ «እኛ አበልጅ አይደላችሁም!» አለ።

እኔ ነኝ።

አያቴ ቀስ ብለው ዞሩ። «‹አይደለንም› ነው የሚባለው» አሉኝ፤ ሰዋስው እያረሙ። ከዚያ ከእኔ ወደ ኦግነን አዩ። ከኦግነን ወደ እኔ። ጆሯቸው ቀላ።

«እ-ህ» አሉ።

«አዎ፣ እ-ህ» አሉ እማማ ፋንያ። «ከልምምዱ ቀን ጀምሮ እኔ አይቻለሁ። አንተ ቤትህ ውስጥ ሆና አላየህም።»

«አባባ፣ እኔ ለሥራው ጥራት...» ብዬ ጀመርኩ። ከእኔ ኋላ ዳፊና በሳቅ ፈነዳች፤ ከእሷ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ጋሽ ቪዳን ከወንበር ሊወድቁ ነበር። ኦግነን በሕዝቡ መሐል መጣ፣ ከጆሮው እስከ አንገቱ ቀልቶ፣ እጄን ያዘና «እኔም ለሥራው ጥራት ነው» አለ።

አያቴ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲያውስ አበልጅ አይደለንም» ብለው ለሕዝቡ አወጁ። «እኔም ከመጀመሪያው ብያለሁ።»

ከበሮው ተመታ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ክቡ አንድ ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ በር ወጥቶ የመኪና ማቆሚያውን ዞረ። አያቴና እማማ ፋንያ አልጨፈሩም፤ ፎቶው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ሪስቶ ሲያወሩ አየሁ። አያቴ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባዶውን ወረቀት ያን ጊዜ ሞላነው፣ አያቴ እየነገሩን፣ ፊደሉን ኦግነን እየጻፈ፤ «የስፓሴና የትሬና ሠርግ፣ ብሬስቲጻ፣ 1938። ሻማውን የያዘው ጎረቤታቸው ኩዝማን፤ አበልጁ እስኪደርስ።»

መቶ ስድሳ ሦስት ሰው። ጋሽ ቪዳን ቁልፉን ሰጡኝ። ካርታ ተጫዋቾቹ ሐሙስ ሐሙስ እንዲጠቀሙበት ፈቀድንላቸው።

እወደዋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እሑድ፣ ማርች 9

ኦግነን ለምሳ መጣ። ጾም ስለሆነ እናቴ ባቄላ በሸክላ ጋገረች። በሩን እኔ ልከፍት ስሮጥ አያቴ ቀደሙኝ፤ ሰማኒያ አራት ዓመት ብሎ ማን ያምናል። በሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ቆሙና አላሳለፉትም። ስሙን አልጠየቁትም።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

የሚያውቁት ልጅ ነው። ጥምቀት ላይ መስቀል ሲያወጣ አይተውታል፤ መብራት ሲሰቅል አይተውታል። ኦግነን ግን አልሳቀም። ያመጣውን አበባ ወደ ግራ እጁ አዛወረና ቀጥ ብሎ ቆመ። የተለማመደው መሆኑ ያስታውቃል፤ ቃሉ ሁሉ ልክ ነበር።

«ኦግነን እባላለሁ፣ አባባ። የብላጎያ ልጅ ነኝ። ብላጎያ የሪስቶ፣ ሪስቶ የኩዝማን። ከብሬስቲጻ፣ ከላይኛው ሰፈር።»

አያቴ አገጫቸውን አሻሹ።

«የላይኛው ሰፈር ሰው ድሮም ምሳ ሲደርስ ነው የሚመጣው» አሉና ከበሩ ዞር አሉለት። «ግባ፣ ምሳው ይበርዳል።»